አረንጓዴ ሆኖ የሞተው ጥድ

አባዬ ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ አንድ ገጽ ጽሑፍ ጠየቀው፤ በመሸኛው ቀን የሚነበብ፣ የት የት እንደሠራና ምን ምን እንደተከለ የሚናገር። ወረቀቱን ሦስት ቀን በደረት ኪሱ ይዞት ዞረና በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«አንቺ ጻፊው። የአማርኛ አስተማሪሽ አመስግኖሽ የለ?»

አመስግኖኛል! ድርሰቴን ቆሞ ለክፍሉ በሙሉ ነው ያነበበው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ስይዝ ጣቶቼ ራሳቸው የሚስቁ ይመስለኛል። ስለዚህ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ገጹን በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። በመሸኛው ቀን ተነበበ፣ ተጨበጨበ፣ ለአባዬ ጋቢ አለበሱት፣ እኔንም «ጎበዝ» አሉኝ።

ይኼ ግን ያ ገጽ አይደለም። ይኼ ከዚያ ገጽ የቀረው ነው። አባዬ መጀመሪያ «እሱን አትጻፊ» ያለኝ፣ በኋላ ደግሞ ከሸኮ ስንመለስ «እንዲያውም ጻፊው፣ ምንም ሳትቀንሺ» ያለኝ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው። አባዬ ማርቆስ ይባላል። ሚዛን ተፈሪ የተወለደ የቤንች ሰው ነው፤ እስከ ዛሬ ችግኝ ሲቆጥር በቤንችኛ ነው፣ አማርኛ የሚሆነው ሪፖርት ሲጽፍ ብቻ ነው። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ቡና ለቃሚ ነበር። መንግሥት በተለወጠ ማግሥት፣ ሰው ሁሉ አለቃውን «ጓድ» ይበል «አቶ» ይበል ግራ በገባው ሰሞን፣ የሚዛኑ ችግኝ ጣቢያ ውሃ አጠጪ ይፈልጋል ሲባል ሰምቶ ሄደ። ጣቢያው የቡናም የደንም ችግኝ ነበረው፤ አባዬ የደረሰው ግን ለጌጥ ክፍሉ ነው። ለመንገድ ዳር፣ ለትምህርት ቤት ግቢ፣ ለቢሮ በር የሚሆኑ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የሚፈሉበት ማለት ነው።

የክፍሉ ሰው ጋሽ ነዚፍ ነበሩ። ከጅማ ወገን የመጡ፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው፣ ቀጭን ረጅም ሰው። አባዬን ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ ችግኝ ያለባቸው ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች ፊቱ አስቀመጡ።

«የትኛው ነው የጠማው?»

አባዬ ቅጠሉን አየ። አፈሩን በጣቱ ነካ። «ይሄኛው» አለ።

«አነሣሃቸው?»

«ኧረ አላነሣኋቸውም።»

«ታዲያ በምን አወቅክ? የላዩ አፈር ደረቀም ረጠበም አያታልልህ። ውሃ በክንድ ነው የሚታየው። አንሣቸው!»

ሲያነሣቸው ጠማው ያለው ከባዱ ሆኖ ተገኘ። «ነገ በጠዋት ና» አሉት። ቅጥሩ ይኼው ነው። ደመወዙን አባዬ «ለጨውና ለሳሙና» ብሎ ያልፈዋል፤ እኔም አልፈዋለሁ።

ስለ ጋሽ ነዚፍ ሲያወራ አባዬ ይፈጥናል፤ እጄ አይደርስበትም። «ቆይ አባዬ፣ ቆይ!» እያልኩ ነው የጻፍኩት።

የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጥፍር አይቆርጡትም ነበር። የጣቢያው ሴቶች «ጋሽ ነዚፍ፣ እንሶስላም ይሙቁበት እንጂ!» እያሉ ያሾፉባቸዋል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፣ ጥፍሩን ግን አይነኩትም፤ ሥራ ነበረው። የሚያጠራጥር ችግኝ ሲያገኙ ከግንዱ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ልጣጭ በዚያ ጥፍር ይፍቃሉ። ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ከታየ ችግኙ አለ። ቡናማና ደረቅ ከታየ አልቆለታል። «ቅጠል ይዋሻል፤ ልጣጭ አይዋሽም» ይላሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ከመሬት ያነሣሉ። ሁሉንም! ሥሩ ከረጢቱን በስቶ መሬት የገባ እንደሆነ ሲነሣ ጠቅ ብሎ ይበጠሳል። የሚፈለገውም ያ ድምፅ ነው። «ልጅህን ሰው ቤት የምትሰድ ከሆነ አስቀድመህ ጡት አስጥለው» ይሉት ነበር አባዬን። «ሥሩ እዚህ ከለመደ እዚያ ሲደርስ ይሞትብሃል።» ሊተከል አንድ ወር ሲቀረው ደግሞ የዳሱን ጥላ ከላዩ ቀስ በቀስ ያነሡበታል። በየቀኑ ይጠጣ የነበረውን ውሃ በሁለት ቀን ያደርጉታል፣ ከዚያ በሦስት ቀን። አባዬ መጀመሪያ አንጀቱ አልችል ብሎት ተደብቆ ያጠጣ ነበር። ያዙት።

«አንተ እያዘንክለት ነው የምትገድለው» አሉት።

አዲስ ቦታ ሊተከል ሲታሰብ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይመጡና ቆባቸውን አውልቀው ጉንጫቸውን መሬት ላይ ያስተኛሉ። መንገደኛ «ሰውዬው ወደቁ!» ብሎ ይሮጣል። «አልወደቅሁም፤ እየጠየቅሁት ነው» ይላሉ። ጉንጭ የማይችለውን አፈር ለጋ ሥር አይችለውም።

በዚህ ሥራ አንድ ቃል አለ፤ ሪፖርቱ ሁሉ በሱ ላይ ነው የሚቆመው። ጸደቀ። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፤ የተተከለ፣ የጸደቀ፣ የደረቀ። ጋሽ ነዚፍ የመሃሉን ዓምድ ሁለት ክረምትና አንድ በጋ ሳያልፍ አይሞሉትም። ኃላፊዎቹ ያብዳሉ፤ ሪፖርቱ የሚፈለገው በየሦስት ወሩ ነዋ! የእኛ ቤተሰብ ደግሞ ፕሮቴስታንት ነው። አባዬ እሑድ ቸርች የሰማውን ሰኞ ሥራ ላይ ሲያወራ ጋሽ ነዚፍ ጆሯቸውን ያቆማሉ።

«ትናንት ፓስተራችሁ ስንት ሰው አጸደቀ?»

«አሥራ ሁለት ሰው ጌታን ተቀበለ፣ ጋሼ።»

«በአንድ ቀን! ወላሂ ጀግና ነው። እኔ አንዲት ጃካራንዳ ለማጽደቅ ሁለት ክረምት ይፈጅብኛል። በል እስቲ ጠይቀው፣ በጋውን ያልፋሉ ወይ?»

አባዬ ይኼንን ሲነግረኝ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠና «እስቲ ውሃ ስጪኝ» አለኝ።

የአገራችን ጉድ በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ሦስት አገር መሆኑ ነው። ቴፒ ታች ነው፤ ሸሚዝ ከጀርባ ላይ የሚጣበቅበት። ሚዛን መሃል ነው። ጌጫ ደግሞ ላይ፣ ጉም ውስጥ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሰው ጃኬቱን ይቆልፋል። ችግኝ ግን የሚያወልቀውም የሚደርበውም የለውም። አባዬ «ሥራዬ ሁሉ ይሄ ነበር፤ የቱ ልጅ የቱ ቤት ይችላል የሚለውን ማወቅ» ይላል።

ጋሽ ነዚፍና አባዬ አብረው ቴፒ የተዛወሩ ጊዜ አንዲት የሆቴል ባለቤት ነበሩ፣ እትዬ አስናቀች የሚባሉ። በራቸው ላይ ቡገንቪሊያ ተተክሎላቸው ነበር፤ ጣራ አልፎ ወጣ፣ አበባ ግን የለም።

«ጋሽ ነዚፍ፣ ጎመን ነው እንዴ የተከሉልኝ?»

«ምን ያጠጡታል፣ እትዬ?»

«ጠዋት ማታ፣ የሳህን እጣቢ ሳይቀር!»

«ጠግቦ አያብብም እኮ። ትንሽ ይቸገር።»

ሥሩን በግማሽ በርሜል ወሰኑት፣ ውሃውን ከለከሉት፣ ቅርንጫፉን ገረዙት። በጋው ሲገባ በሩ ደም መሰለ። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ጋሽ ነዚፍን በሻይ አላሳልፍ አሏቸው። ይኼንን በመሸኛው ገጽ ላይ ጽፌው ነበር፤ ብዙ ሰው ሳቀ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባዬ ሥልጠና ሄዶ ወረቀት ያዘና ጌጫ ላለው ጣቢያ ኃላፊ ሆነ። ጋሽ ነዚፍ በኮንትራት ቴፒ ቀሩ። ሲሸኙት «ዓመት ሙሉ ምንም አትትከል፤ የሰው አጥር እያየህ ዙር» አሉት። አባዬ አልዞረም። ኃላፊ ነዋ! ከቴፒ ይዞት የወጣውን የድሬዳዋ ዛፍ ዘር፣ ያንን ቀይ አበባውን፣ መደብ ሙሉ አፈላ። በቀለ። ጉሙ ሰነበተበት። ከሥር ከአንገቱ እየጠቆረ፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን እየተልፈሰፈሰ፣ አንድም ሳይቀር አለቀ። አባዬ መደቡን ገለበጠና ለማንም ሳይናገር ጽጌረዳና ጥድ ወደ ማፍላት ዞረ። ጥዱ ጌጫን ወደደው። ለጣቢያው የንፋስ መከላከያ ብሎ በአጥሩ ዙሪያ መሬት ላይ የተከለው የፈረንጅ ጥድ በአራተኛ ዓመቱ ከሰው ቁመት አለፈ። አባዬ ጠዋት ጠዋት መሃሉን እየሄደ በእጁ ይዳብሰው ነበር።

የቀረው እንግዲህ ይኼ ነው።

ቴፒ ላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ከተማው ማማር አለበት። ያኔ ከበላይ የነበረው ኃላፊ ጌጫ ድረስ መጣ። ስሙን አልጽፍም፤ አባዬ «ስም አትጥሪ፣ ያደረግሁት እኔ ነኝ» ብሎኛል። ሰውየው ጥዱን አየና ቆመ።

«ማርቆስ! ይሄን አንተ ነህ ያሳደግከው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ቴፒ ዋናው መንገድ ላይ ቢቆም አስበኸዋል? ስልሳ ዛፍ፣ ግራና ቀኝ። እንደዚህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው እኮ ጌጫ አይቀመጥም፤ ሚዛን ነው ቦታው።»

እማዬ ያኔ ሚዛን ነበረች፤ አዲስ ሙሽራ። አባዬ በሦስት ወር አንዴ ነበር የሚያያት። ይኼንን የጻፍኩት ምክንያት እንዲሆነው አይደለም፤ እሱ ራሱ «ምክንያት አታድርጊው» ብሎኛል። ግን ነበር።

ጥዶቹ ከረጢት አያውቁም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ያነሣቸው የለም፤ ሥራቸው አራት ዓመት እንደፈለገ ወደ ታች ሄዷል። አባዬና ሠራተኞቹ ሁለት ቀን ሙሉ ቆፈሩ። ዋናው ሥር ለቁፋሮ ሲያስቸግር በመጥረቢያ ቆረጡት። የቀረውን ከነአፈሩ በኮባ ጠቅልለው አይሱዙ ላይ ጫኑ። መኪናው ቁልቁል ሲወርድ ንፋሱ ጫፎቹን እያራገበ፣ ሙቀቱ በየመታጠፊያው እየጨመረ፣ ቴፒ የደረሱት በጠራራ ፀሐይ ነው። ጉድጓዶቹ ገና አልተቆፈሩም። ስልሳ ጥድ እስከ ማታ መንገድ ዳር ተጋድሞ ዋለ።

ጋሽ ነዚፍ መጡ። ቆባቸውን አውልቀው ጉንጫቸውን መሬቱ ላይ አደረጉ፣ ወዲያው አነሡት። ከዚያ አባዬን ወደ ጎን ወሰዱት።

«ማርቆስ፣ መልሳቸው።»

«ወዴት ልመልሳቸው ጋሼ? ሥራቸው ተቆርጧል።»

«እንግዲያውስ ለማገዶ ስጣቸው። ሬሳ ነው ያመጣኸው።»

«አረንጓዴ ናቸው እኮ!»

«ጥድ ሲሞት እንዳልሰማ ሰው ነው፤ ሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ይሄን ሳላስተምርህ ቀርቼ ነው?»

አባዬ «አሁን እኔም ኃላፊ ነኝ፣ ጋሼ» አላቸው። ተተከሉ። በቦቴ ውሃ ጠጡ። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ስልሳውም አረንጓዴ ናቸው። እንግዶቹ መጡ፤ አባዬም ከጌጫ ተጠርቶ ወረደ። መንገዱን በእግራቸው ሲጎበኙ አንደኛው እንግዳ፣ አባዬ ሲነግረኝ ደግ ሰው መሰሉኝ፣ ከዳር የቆሙትን ጋሽ ነዚፍን አይተው ቆሙ።

«አባቴ፣ እርስዎ ነዎት የሚንከባከቧቸው? እንዴት ናቸው ዛፎቹ?»

ጋሽ ነዚፍ አጠገባቸው ያለውን ግንድ በጥፍራቸው ፋቁ። አዩት።

«ሞተዋል» አሉ።

ኃላፊው ሳቀ። «ሽማግሌው ቀልደኛ ናቸው። ማርቆስ! ና እስቲ። አንተ ነህ ያመጣኸው። ተናገር፣ ጸድቋል ወይስ አልጸደቀም?»

አባዬ «ጸድቋል» አለ።

እንግዶቹም ሳቁ። «ሞተዋል ይላሉ እንዴ! ዓይናቸው ደክሞ ነዋ» አለ አንዱ። ሌላው ጋሽ ነዚፍን ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን፣ አለፈ። ሪፖርቱ በማግሥቱ ተሞላ፤ የተተከለ ስልሳ፣ የጸደቀ ስልሳ። አባዬ ፈረመ። ጋሽ ነዚፍ አልፈርምም አሉ። በወሩ መጨረሻ ኮንትራታቸው ሲያልቅ የሚያድስላቸው ጠፋ።

እሳቸው ከወጡ ሳምንት አልሞላም፣ ጥዶቹ ቀሉ። ቀስ በቀስ አይደለም። ስልሳውም በአንድ ሰሞን የዛገ ቆርቆሮ መሰሉ። የቴፒ ሰው ሊምር ነው? «ደመራውን ቀደም አድርጋችሁ ተከላችሁት እንዴ?» እያለ ከገበያ ሲመለስ ይጠይቃል። ሴቶች ቅርንጫፉን እየሰበሩ ወሰዱት፤ ጥሩ ይነዳል። ኃላፊው ያኔ ሌላ ቦታ ተሹሞ ሄዷል። አባዬም ሚዛን ተዛውሯል፣ እንደተባለው።

ይኼንን መጀመሪያ ሲነግረኝ «አላወቅኩም ነበር፤ አረንጓዴው አታለለኝ» ብሎ ነው የጨረሰው። እኔም አመንኩት። እንዲያውም አዘንኩለት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ቱም ወደሚባለው ከተማ ወርዶ ሠርቷል፤ እዚያ ምስጡ ግንዱን ከሥር እየበላበት አመድ እየነሰነሰ አሳድጓል። ሚዛን ተመልሶ የትምህርት ቤቶቹን የዱራንታ አጥር፣ ከቤታችን በታች ያለውን የጃካራንዳ መስመር ተክሏል። ነገር ግን ቅጹ ላይ የመሃሉን ዓምድ መሙላት ተወ። ባዶ አድርጎ ይልከዋል። ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎበታል። እማዬ «ምናለ ብትሞላው?» ስትለው «አላውቅማ» ነው መልሱ። የጃካራንዳው መስመር መንገዱ ሲሰፋ ተቆረጠ። በራችን ላይ ቆመን ነበር ያየነው፤ እኔ ስጮህ እሱ «ከመንገድ ይበልጣል እንዴ» ብሎ ገባ። ያን ጊዜ ጨካኝ መስሎኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ ወገቡ እምቢ ብሎት ቀደም ብሎ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ሥራ አሁን የቆመውን ዛፍ ብጠይቀው ቆጥሮ የሚጨርሰው በአንድ እጁ ነው።

የመሸኛው ማግሥት ከአንድ የጅማ ሰው ሱቅ ሚስማር ልንገዛ ገባን። ባለ ሱቁ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጨበጠውና «ጋሽ ነዚፍ ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር» አለ።

«መቼ ሞቱ?» አለ አባዬ።

«ኧረ አልሞቱም! ሸኮ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። እዚያ ከገቡ ስንት ዓመታቸው! አታውቅም እንዴ?»

ሸኮ! ከሚዛን ሰው ጠዋት ሄዶ ለምሳ የሚመለስበት ነው። አባዬ ሚስማሩን ሳይቀበል ወጣ። ቅዳሜ «ተነሺ እንሂድ» አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን እያየ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ ይኼን ነገረኝ።

«ፍቄው ነበር።»

«ምኑን አባዬ?»

«ጥዱን። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ጠዋት፣ ማንም ሳይኖር። አንዱን አይደለም፣ አምስት ስድስቱን። ሁሉም ደርቆ ነበር። እያወቅኩ ነው ጸድቋል ያልኩት።»

እስክሪብቶና ደብተር ይዤ ነበር። አልጻፍኩም።

የጋሽ ነዚፍ ልጅ ዘይነባ ትባላለች፤ እማዬን የምታክል ሴት። በሩን ከፍታ አስገባችን። መጀመሪያ ያየሁት ግቢውን ነው። ባዶ ነበር። ሸኮ እኮ ነው! ለአጥር የተከልሽው እንጨት ቅጠል የሚያወጣበት፣ የተጣለ የቡና ፍሬ ሳትወጂ የሚበቅልበት አገር። የጎረቤቱ ቡናና ኮባ ከአጥሩ ወዲያ ጨለማ መስሏል። እዚህ ግን ከአጥር እስከ አጥር የተጠረገ ቀይ መሬት ብቻ ነው። መሃሉ ላይ አንድ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ቁጢጥ ብለው፣ መሬቱን በጣቶቻቸው እየዳበሱ፣ የሆነ ነገር ይነቅላሉ። ዓይናቸው ብዙ አያይም።

«በየቀኑ ነው» አለችኝ ዘይነባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዝናብ ሲሆን እንኳ። አንዲት ቡቃያ አያስቀሩም።»

አባዬ ተጠጋ። «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ማርቆስ ነኝ።»

ጣታቸው ቆመ።

«የቱ ማርቆስ? የሚዛኑ ነው የጌጫው?»

አንድ ሰው ነው እኮ ልል አፌን ከፈትኩ። አባዬ ቀደመኝ።

«የጌጫው» አለ።

«ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። ለእኔ በሚኒባስ የነገረኝን በሙሉ ነገራቸው፣ ቆሞ፣ እንደ ተማሪ። ጠዋት መሆኑን፣ አምስት ስድስት ዛፍ መሆኑን። ሲጨርስ ጋሽ ነዚፍ አንዲት ቡቃያ ነቀሉ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ግንዱን ስነካው የተፋቀ አገኘሁ። አዲስ ነበር። ከአንተ ሌላ እንደዚያ እንዲፍቅ ማንን አስተማርኩ?»

«ታዲያ... ያኔ ለምን አላጋለጡኝም? እዚያው፣ እንግዶቹ ፊት?»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ። ሲጠይቅህ ደስ አለኝ፤ አሁን ይናገራል አልኩ።» መሬቱን ዳበሱ። «ጥዶቹ ቀሉ ሲሉኝ ደግሞ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ወር ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ተቀመጥሁ። ዘይነባ ትመስክር።»

«አባ፣ ተዉት በቃ፤ ሰውየው መጥቷል» አለች ዘይነባ።

«መጣ እንጂ። አልመጣም አልኩ?»

አባዬ ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። የቆየ ነው እሱ። አላህም ይቅር ይበልህ።»

እኔ በቃ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። አባዬም መሰለው። ፊቱ ፈታ አለ፤ ቀና ብሎ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ችግኝ ላምጣልዎት፣ ጋሼ። እዚህ ጥግ ላይ አንድ ሁለት። ቡገንቪሊያ ቢሆን፣ ለዘይነባ በር...»

«አይሆንም።»

«ጥላ ይሆንዎታል እኮ። እኔ ራሴ እየመጣሁ...»

«አይሆንም አልኩህ፣ ማርቆስ! ይቅርታው ሌላ ነው። እኔ አርባ ዓመት የያዝኩትን ሥራ ያን ቀን ሰው ስቆበት አለፈ። የሳቀው እንግዳ አላስከፋኝም፤ እሱ ምን ያውቃል? ከዚያ ወዲህ ቅጠል በነካሁ ቁጥር ያ ሳቅ ነው የሚሰማኝ። ዘንድሮም ይሰማኛል። ስለዚህ አላሳድግም። ምንም አላሳድግም።»

እንደገና ወደ መሬቱ ዞሩ። ጣታቸው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይነቅላል። ዘይነባ ወደ ቤት ገባች። አባዬ ብዙ ቆመ። እንሂድ ይለኛል ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ። እሱ ግን አዲሱን ጋቢውን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ፤ ወገቡን ደግፎ ቀስ ብሎ፣ ከጋሽ ነዚፍ ጎን፣ ዓይናቸው ጭራሽ በማያይበት በኩል ቁጢጥ አለ። ጎን ለጎን መንቀል ጀመሩ። እሳቸው የዘለሉትን እሱ ይለቅማል።

እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከአባዬ እግር ሥር ሁለት ቅጠል ብቻ ያላት፣ እንደ ማራገቢያ የተጣጠፈች፣ ትንሽዬ ነገር አየሁ።

«አባዬ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

ጎንበስ ብሎ አያት።

«ዋንዛ ናት» አለኝ። «በደንብ የወጣች ዋንዛ።»

ነቀላት።